«ለእሷ እንዳትነግሯት»፦ ካንሰር፣ ዝምታና የልብ ጭንቀት በጎንደር ታሪክ



በከተማችን ካንሰር የገባበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ያውቃል፦ «ለእሷ እንዳትነግሯት»። ውጤቱን ከሐኪሙ የሚቀበለው ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ነው። ታማሚዋ «ትንሽ እጢ ናት፣ በመርፌ ትጠፋለች» ትባላለች። ልጆች ፊቷ ላይ ይስቃሉ፣ ጓሮ ዞረው ያለቅሳሉ። እሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ጠጉሯ ሲረግፍ፣ ጠያቂው ሲበዛ፣ ከሩቅ አገር ያለው ልጅ በየቀኑ መደወል ሲጀምር ይገባታል። ግን «ልጆቼ እንዳይጨነቁብኝ» ብላ እሷም ዝም ትላለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሌሊት ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን የዚህ ዝምታ ታሪክ ነው። ከየት መጣ? ጎንደር ውስጥ ልቡ የተጨነቀ ሰው ድሮ ወዴት ይሄድ ነበር? ሆስፒታል ሲመጣስ ምን ተለወጠ፣ ምን ሳይለወጥ ቀረ? ረጋ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ስሙ ራሱ የሚያስፈራ በሽታ

ታላላቆቻችን ካንሰርን «ነቀርሳ» ይሉታል። ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አንዱ በተሕዋስ የሚመጣና የሚተላለፍ ነው፣ ሌላው የራስ ሴል ከሥርዓት ወጥቶ ሲባዛ የሚፈጠር ነው። ነገር ግን አንድ ስም ስለሚጋሩ የአንዱ ፍርሃት ወደ ሌላው ተሻገረ። የካንሰር ታማሚን ዕቃ የሚለዩ፣ «ይተላለፋል» ብለው የሚሸሹ ሰዎች እስካሁን አሉ። ካንሰር በንክኪ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ አልጋ አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም።

በዐረብኛ ካንሰር «ሰረጧን» ይባላል፤ በአማርኛ «ሸርጣን» የምንለው የባሕር እንስሳ ማለት ነው። ግሪኮችም የሰጡት ስም ይኸው ነበር፤ ዙሪያውን ሥር ሰድዶ የሚይዝ እጢ ሲያዩ የሸርጣን እግር መሰላቸው። የአንደሉሱ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አል-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ስለዚሁ ጽፏል። ገና ጀማሪ ሆኖ ከሥሩ ሊወጣ በሚችል ቦታ ያለውን ማውጣት እንደሚቻል፣ የቆየውንና የተስፋፋውን ግን ባይነኩት እንደሚሻል መከረ። እንዲህ ያለውን እሱ ራሱ አድኖ እንደማያውቅ፣ ሌላ ሐኪም ሲያድንም እንዳላየ በሐቅ መዘገበ።

ዝምታው የመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒት የሌለው በሽታ ስም መንገር ከመርዶ አይለይም ነበር። ሐበሻ ደግሞ መርዶን ዝም ብሎ አይናገርም፤ ሰው ይሰበስባል፣ ጊዜ ይመርጣል፣ ማታ አይነግርም። የበሽታውን ስም የሚሰውር ቤተሰብ ይህንኑ ወግ እየጠበቀ ነበር። መነሻው ፍቅር ነው።

🔹 በቀሐ ዳር ያለ ጭንቀት ወዴት ይሄድ ነበር?

ጎንደር በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የነበሩት የጎንደር ሙስሊሞች በቀሐ በኩል ያለውን አዲስ ዓለምን ሰፈራቸው አደረጉ። መኖሪያው ቢለያይም ሕመሙ አንድ ነበር። ጭንቀት የያዘው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ የከበደው ሰው ወደ ሃይማኖቱ ሰዎች ይሄዳል፤ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ ሙስሊሙ ወደ ሸኹና ወደ ሩቅያው። ከሁለቱም ወገን ደግሞ ወደ ዛር ቤት የሚሄድ ነበር።

ስለ ዛር ስናነሳ ሑክሙን ዑለማዎቻችን በግልጽ ያስተማሩን ስለሆነ እዚህ የምናወራው ስለ ታሪኩ ብቻ ነው። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጂቡቲ በተጓዘ የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ ጎንደር ገባ። ለወራት ተቀምጦ መልካም አያሁ የተባለችን የታወቀች የዛር ባለቤት ቤት እየተመላለሰ መዘገበ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1953 እና 54፣ ሲሞን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በዚሁ በጎንደር አካባቢ ኖረ። በ1958 ባሳተመው ጥናቱ የዛር ቤትን የቡድን ሕክምና ብሎ ተረጎመው። ወደዚያ የሚሄዱት በብዛት ሴቶችና በኑሮ ዝቅ ያሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ በቤታቸው ሰሚ ያጣ ችግራቸው እዚያ ጆሮ እንዳገኘ አስተዋለ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የተጨነቀ ሰው የሚሰማው ካላገኘ፣ የሚሰማው ወዳለበት ይሄዳል፤ ቦታው ትክክል ይሁን አይሁን አይመርጥም። ዛሬም በካንሰር ታማሚ ቤት በር ላይ «አድናለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የሚያገኘው ክፍተት ይኸው ነው። የሚሸጠው ቅጠል ብቻ አይደለም። ጊዜ ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ስሟን እየጠራ ያናግራታል፣ ተስፋ ይሰጣል። እኛ በዝምታችን የተውነውን ቦታ እሱ ይሞላዋል።

🔹 ሆስፒታሉ መጣ፤ አካሉን ያዘ

ሜሲንግ ጎንደር በነበረበት ዘመን በደምቢያ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በ1953 በዚያ ወረርሽኝ 7,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይነገራል። በማግስቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ተጨመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የምንለው ተቋም በዚህ መንገድ አደገ።

ኮሌጁ የተወለደው ከወረርሽኝ ነው። ጠላቱ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ቲቢ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ደግሞ ለብቻው ሌላ መንገድ ያዘ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። በሕዝቡም አፍ «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት ሆነ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው በ1987 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ የተከፈተው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞች ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር መሄድ ነበረባቸው። በኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱን የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ከፈተ፣ ከአማኑኤል ጋር በመተባበርም በአእምሮ ጤና የማስተርስ ባለሙያዎችን አሠለጠነ።

የካንሰር ሕክምናውስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታማሚዋ ወረፋ ትጠብቃለች፣ ዘመድ ቤት ትጠጋለች ወይም ቤት ትከራያለች፣ ልጆቿን ትታ ወራት ታሳልፋለች። በሽታው የሚያመጣው ጭንቀት ላይ የመንገዱ፣ የገንዘቡና የናፍቆቱ ጭንቀት ይደመራል። በኋላ የካንሰር ማዕከላት ከአዲስ አበባ ውጭ እንዲስፋፉ ሲታቀድ ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ጎንደር ነበረች። በከተማችን ሆስፒታል የኬሞቴራፒ ሕክምና መሰጠት መጀመሩም ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ሕክምና አካሏን ያያል። ሌላው «ያበደውን» ያያል። ዕጢዋ የሚታከምላት፣ ነገር ግን ሌሊት ጣሪያ እያየች የምታነጋዋ እናትስ? እሷ አላበደችም፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው በር አትሄድም። የመጀመሪያው በር ላይ ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው፤ «ልብሽን ምን አስጨነቀው?» ብሎ የሚጠይቃት አታገኝም። ታሪኩ በሁለቱ በሮች መካከል ጥሏታል።

🔹 መደበቅ የእኛ ብቻ አልነበረም

«ነጮቹ ሁሉን ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ እኛ እንደብቃለን» ሲባል ትሰማላችሁ። ታሪኩ እንዲያ አይደለም። በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ ሐኪም በቺካጎ 200 የሚያልፉ ሐኪሞችን ጠየቀ። 90 በመቶዎቹ ለታማሚያቸው ካንሰር መሆኑን አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ በአሜሪካ ሲቀርብ 97 በመቶ የሚሆኑት መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። በመካከሉ ሕክምናው ተሻሻለ፣ የሚድነው ሰው በዛ፣ ታማሚው ስለ ራሱ አካል የመወሰን መብቱ ታወቀ። ዝምታው የተሰበረው ተስፋ ሲመጣ ነው።

በዚያው አገር የተሰደዱ ወገኖቻችን ግን ተቸገሩ። የእኛው አገር ሰው የሆነችው ተመራማሪ የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በድንገት ከሐኪም አፍ ሲነገራቸው ምን ያህል እንደሚጎዱ አስረዳች። በባህላችን ዜናው መጀመሪያ ለቅርብ ሰው ይነገራል፤ ታማሚው በሰው ተከቦ፣ በጊዜው ይሰማል። እንግዲህ ሁለቱም ጫፍ ይጎዳል፤ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እውነቱን እንደ ድንጋይ መወርወርም፣ ለዘላለም መደበቅም።

መካከለኛውን መንገድ ያሳዩ ሐኪሞች አሉ። በ2000 በአሜሪካ የተዘጋጀውና ዛሬ በብዙ አገር የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት «ስፓይክስ» የተባለ አካሄድ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ያዛል፦ «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ያውቃሉ?» እና «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ታማሚዋ «ሁሉን ንገሩኝ» ልትል ትችላለች። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ብትልም መብቷ ነው። ልዩነቱ የወሰነችው እሷ መሆኗ ነው። እኛ ቤት ግን ያንን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃት እንወስንላታለን።

🔹 «ምን ይሰማሻል?» የሚለው ጥያቄ

ጂሚ ሆላንድ የተባለች የቴክሳስ ተወላጅ ሳይካትሪስት ይህ ጥያቄ በሕክምናው ውስጥ እንደጠፋ ካስተዋሉት ቀዳሚዋ ናት። ሐኪሞቹ ስለ እጢው መጠን፣ ስለ ደሙ ቁጥር፣ ስለ መድኃኒቱ ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ታማሚው ምን እንደሚሰማው ግን የትም አይጻፍም። በ1977 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ለዚህ ሥራ የሚሆን ክፍል መምራት ጀመረች። በ1984 ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋመች። የካንሰር ታማሚዎችን የአእምሮ ጤና የሚመለከተው የሕክምና ዘርፍ በዚህ ሁኔታ ተወለደ። ሆላንድ በ2017 ሞተች።

የእሷ ትውልድ ካስተዋወቃቸው መሣሪያዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው፤ በወረቀት ላይ የተሣለ ቴርሞሜትር። ከ0 እስከ 10 ቁጥር አለው። ታማሚዋ «ባለፈው ሳምንት ጭንቀትሽ ስንት ነበር?» ተብላ ትጠየቃለች። 4ና ከዚያ በላይ ካለች ባለሙያ በደንብ ሊያናግራት ይገባል ማለት ነው። «የአእምሮ ሕመም» የሚል ቃል ሆነ ተብሎ አልተጻፈበትም፤ ሰው እንዳያፍር «ጭንቀት» ብቻ ተባለ። ለእኛም አገር የሚስማማ ብልሃት ነው።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው? በ2011 ከ14 አገሮች የተሰበሰቡ 70 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው ከካንሰር ታማሚዎች 16 በመቶ ያህሉ ድባቴ ነበረባቸው። ቀለል ያሉት የስሜት ችግሮች ሲደመሩ ቁጥሩ 38 በመቶ ይደርሳል። በ2019 በአዲስ አበባ በጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ድባቴ እንዳለባት አገኘ፤ የሰው ድጋፍ ያነሳቸው ደግሞ የበለጠ ተጠቂ ነበሩ። በአገራችን በዓመት 80 ሺህ ገደማ ሰው አዲስ በካንሰር እንደሚያዝ ይገመታል፤ በሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ስሌቱን እናንተው ሥሩት።

ይህ «የስሜት ጉዳይ» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ2000 የታተመ ጥናት ድባቴ ያለበት ታማሚ ከሌላው በሦስት እጥፍ ገደማ የታዘዘለትን ሕክምና የማይከተል መሆኑን አሳይቷል። «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ብላ ኬሞውን ያቋረጠች እናት እምቢተኛ ላትሆን ትችላለች፤ ያልታከመ ድባቴ ይዟት ይሆናል።

🔹 «ኢማንሽ ደከመ ወይ?»

በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። የተከፋ ታማሚ «ሶብር አድርጊ፣ ኢማንሽን አጠንክሪ» ይባላል። ሶብር ታላቅ ዒባዳ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ማዘን የኢማን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ) ለልጃቸው ለዩሱፍ አልቅሰው ዓይናቸው ባልነጣ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃንና አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት በሲራ መጻሕፍት «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ባልተጠራ ነበር።

ሊቃውንቶቻችንም ይህንን ከብዙ ዘመን በፊት ተረድተውት ነበር። በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ የነፍስን ሕመም ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው፤ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና የሚመላለስ ክፉ ሐሳብን አንድ በአንድ ተነተነ። ሐዘንን ለሁለት ከፈለው፦ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ። የመጀመሪያው በንግግርና በሐሳብ ይታከማል፤ ሁለተኛው መነሻው አካል ውስጥ ስለሆነ የአካል ሕክምናም ያስፈልገዋል አለ። በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች የነፍስን ሕመም ችላ ማለታቸውንም ወቅሷል። በ1154 በደማስቆ፣ በ1284 በካይሮ የተሠሩት ታላላቅ ቢማሪስታኖች የአእምሮ ሕሙማንን ከሌላው ታማሚ ጋር በአንድ ሆስፒታል ያክሙ ነበር። ስለዚህ ወደ ሳይካትሪ ክፍል መሄድ ከዲናችን መውጣት አይደለም። ቀድሞ የእኛው ሰዎች የሠሩት መንገድ ነው።

🔹 ታዲያ እኛ ወጣቶቹ ምን እናድርግ?

የታመመን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር ይህን አያውቅም የሚል የለም፤ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። የሚጎድለው ጠያቂ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ገብተን «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» እንላለን፣ እንወጣለን። «ምንም አትሆኚም» የምትለዋ ቃል ወሬውን ትዘጋዋለች። በእሷ ፋንታ እንዲህ ሞክሩ፦

▪️ «እማዬ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ምን እያሰብሽ ታነጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱን አታቋርጡ። ብታለቅስ ተዉአት ታልቅስ፤ እጇን ያዙ።

▪️ እሷን ሳትጠይቁ አትወስኑላት። «ሐኪሙ ስለ ሕመምሽ ሲናገር አንቺም ብትሰሚ ደስ ይልሻል ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» በሉ። ከዚያ የመረጠችውን አክብሩ።

▪️ ምልክቶቹን እወቁ። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ከካንሰሩም ከኬሞውም ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በቀላሉ ይታለፋሉ። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛት፣ ሰው ማየት ከጠላች፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዛች ለሚያክማት ሐኪም ንገሩና ወደ ሳይካትሪ ክፍል ይላኳት።

▪️ «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ቃሉን አቅልላችሁ አትለፉት፤ አትቆጧትም። ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

▪️ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሳይካትሪ ባለሙያው አሳዩ። ለምሳሌ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ብትጨምር የታሞክሲፈኑን ሥራ ሊያዳክመው ይችላል። ሌላ አማራጭ ስላለ ባለሙያው ይቀይርላታል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡባት።

▪️ ሩቅያውና ዱዓው ይቀጥል፤ ሕክምናውም ይቀጥል። አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

▪️ የሚያስታምመውንም ጠይቁ። ምስጢሩን ለወራት ብቻውን የተሸከመው ልጅ ወይም ባል እሱም ሌሊት አይተኛም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ታላላቆቻችን ዝም ያሉት መድኃኒት በሌለበት ዘመን፣ ከፍቅር የተነሣ ነው፤ አንወቅሳቸውም። እኛ የምንኖርበት ዘመን ግን ሌላ ነው። ዕጢው የሚታከምበት ሆስፒታል በከተማችን አለ፤ ጭንቀቱ የሚታከምበት ክፍልም በዚያው ግቢ ውስጥ አለ። በሁለቱ መካከል ያለችውን አጭር መንገድ ታማሚዋን አብሮ የሚያሻግራት ሰው ያስፈልጋል። ያንን ለመሆን ዶክተር መሆን አይጠበቅብንም።

አላህ በየቤቱና በየሆስፒታሉ ላሉ ሕሙማን ሁሉ የተሟላ ሺፋ ይስጣቸው፤ ልባቸውን ያረጋጋላቸው፤ ለሚያስታምሟቸውም ብርታቱን ይወፍቃቸው። አሚን።

ይህን ጽሑፍ ቤቱ ውስጥ ታማሚ ላለው ሰው አጋሩት፤ ሰደቃ ይሆንላችኋል ኢንሻአላህ።